ጫት ካቆሙ በኋላ የሚመጣ ድብርት

ጫት ካቆሙ በኋላ የሚመጣ ድብርት ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ወይም ለዚያ በቀረበ ሁኔታ ጫት ሲቅም የቆየ ሰው መቃሙን ሲተው ወይም በብዛት ሲቀንስ የሚሰማው የስሜት መውደቅ፣ የጉልበት ማጣትና የደስታ መጥፋት ነው። ኮኬይን፣ አምፌታሚንና ሜታምፌታሚን የመሳሰሉትን አነቃቂዎች ያቆሙ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል፤ የጫቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ቀለል ይላል። በብዙ ሰው ላይ ከባዱ ክፍል በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ከአንድ ወር ያህል በኋላም በዚያው ክብደት ከቀጠለ ራሱን የቻለ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሕክምና መፈለግ ይገባል።

ይህን ጊዜ አስቸጋሪ የሚያደርገው የስሜቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የሚሰጠው ትርጉም ነው። ያቆመው ሰው «ያለ ጫት እኔ ማለት ይህ ነኝ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በዚያ ቀን አንድ እግር ጫት ገዝቶ ቢቅም ደግሞ ድብርቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚነሣ ድምዳሜው ትክክል ይመስለዋል።

ስያሜና የቃሚዎች ቃላት

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ሲጻፍ የመጀመሪያው እንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። «ደበረኝ» በከተማ ወጣቶች አነጋገር ሰለቸኝ ማለትም ነው፣ ከፋኝ ማለትም ነው፣ የምሠራው አጣሁ ማለትም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት «ደብሮኛል» ቢል ሰሚው ፊልም እንዲያይ ይመክረዋል። የጤና ባለሙያዎች ለሕመሙ «ድባቴ» ወይም «የድብርት ሕመም» ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ «ድብርት» ሲባል ካቆሙ በኋላ የሚመጣው የስሜት መውደቅ፣ «ድባቴ» ሲባል ደግሞ ሕመሙ ነው።

የቃሚዎቹ ቋንቋ በዚህ በኩል ከመጻሕፍቱ የበለጸገ ነው። አብሮ ተቀምጦ መቃሙ «በርጫ»፣ የሚመጣው የመነቃቃትና የሐሳብ መርዘም ስሜት «ምርቃና»፣ የመቃሚያው ሰዓት ሲደርስ የሚይዘው ብርቱ አምሮት «ሀራራ» ይባላል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው አልኮል «ጨብሲ» ነው። በሐረርጌ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚቃመው «ኢጃ በና» ይባላል፤ በኦሮምኛ ዓይን መግለጫ እንደ ማለት ነው። ቃሚው የለመደውን ሲያጣ ሌሊት በሚያስፈራ ሕልም እየመጣ የሚያስጨንቀው ነገር ደግሞ «ዱካክ» ነው። ስለ ዱካክ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

መንስኤው

በትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በኬሚካዊ ቅርጹ ከአምፌታሚን ጋር በጣም ይቀራረባል። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ ካቲን ወደ ተባለ ደካማ ንጥረ ነገር እየተለወጠ ይሄዳል፤ ከአወዳይ ገበያ የሚነሡት መኪኖች እንደዚያ የሚጣደፉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዶፓሚን በብዙ ቦታ «የደስታ ኬሚካል» ተብሎ ይጻፋል፤ አገላለጹ ግን ያሳስታል። ለእውነታው የሚቀርበው መነሣሣት ማለቱ ነው፤ ከአልጋ ተነሥቶ ፊት ለመታጠብ እንኳ «ልነሣ» የሚያሰኘው ግፊት የዚህ ሥርዓት ሥራ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ከውጭ ሲገፋ የኖረ ሥርዓት ራሱን ዝቅ አድርጎ ያስተካክላል። ሬዲዮ ጮክ ብሎ በሚውልበት ቤት የሚኖር ሰው ሬዲዮው ድንገት ሲዘጋ በቀስታ የሚነገረው እንደማይሰማው ሁሉ፣ ጫት ያቆመ ሰውም የቡና ሽታ፣ የወዳጅ ጨዋታና የኳስ ጨዋታ የሚሰጡት ትንሽ ደስታ ለጊዜው አይደርስበትም። ምግቡ ይጣፍጣል፣ ግን «ምን ይሁን» ይላል።

ይህ ሁኔታ እንደሚመለስ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌላ አነቃቂ ተገኝቷል። ኖራ ቮልኮቭና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሜታምፌታሚን ይወስዱ የነበሩ 5 ሰዎችን አንጎል ባቆሙ ሰሞንና ከ12 እስከ 17 ወራት ቆይተው በምስል አነጻጽረዋል። በሱሱ ምክንያት አንሶ የነበረው የዶፓሚን ማጓጓዣ ፕሮቲን በሁለተኛው ምስል ላይ በግልጽ ጨምሮ ተገኝቷል። የእንቅስቃሴና የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ግን በዚያው ልክ አልተሻሻለም። ሜታምፌታሚን ከጫት እጅግ የበረታ ስለሆነ የወራቱን ቁጥር እንዳለ ወደ ጫት ማዛወር አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ሁሉም ነገር ኬሚካል አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ይቅሙ እንደነበርና ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ለጸሎት ትኩረት ለማግኘት እንደሚቅሙ አሳይቷል። በሌላ ቦታ ጫት የሥራ ጓደኛ፣ የጥናት ጓደኛ፣ የለቅሶና የሠርግ አጃቢ ነው። ስለዚህ የሚያቆመው ሰው ቅጠሉን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ አብረውት የሚቀመጡትን ሰዎችና ለሰዓታት የሚዘልቀውን ወሬም አብሮ ያጣል። ያ ባዶ ሰዓት ራሱ ያስተክዛል።

መልኩና ጊዜው

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም-5፣ አነቃቂ ባቆመ ሰው ላይ የሚጠበቁትን ምልክቶች ሲዘረዝር ከስሜት መውደቅ ጋር ድካምን፣ የእንቅልፍ ማጣትን ወይም መብዛትን፣ የምግብ ፍላጎት መጨመርን፣ የእንቅስቃሴ መጎተትን ወይም መቅበጥበጥን፣ እንዲሁም ጥርት ብለው የሚታዩ ደስ የማይሉ ሕልሞችን ይጠቅሳል። የመጨረሻው ለሐረርጌ ሰው አዲስ አይደለም፤ ዱካክ ማለት ይኸው ነው። በሕልም መታነቅ፣ መባረር፣ ከገደል መውደቅ። የባህሉ ማብራሪያ «ጫቱን ስለከለከልከው መጣብህ» የሚል ስለሆነ መፍትሔውም መቃም ይሆናል። በሕክምናው ዓይን ግን ዱካክ አንጎል እንቅልፉን መልሶ እያስተካከለ መሆኑን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ሲሆን፣ ካልቃሙም እየሳሳ ይሄዳል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ብዙ ሌሊት ያቀላል።

ስለ ጊዜው ሁለት ዓይነት ሥዕል አለ። ጋዊንና ክሌበር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 ኮኬይን ያቆሙ ሰዎችን ሁኔታ በሦስት ምዕራፍ ከፈሉት፤ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ፍጹም መውደቅ፣ ቀጥሎ ለሳምንታት ጣዕም የሌለው ኑሮና አምሮት፣ በመጨረሻም አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀሰቀስ አምሮት። ይህ አከፋፈል እስካሁን በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሰዎችን ሆስፒታል አስተኝተው የተከታተሉ ጥናቶች ግን እንዲህ የተከፋፈለ ምዕራፍ አላዩም፤ ምልክቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ቀስ በቀስ ሲቀንሱ ነው ያዩት። ሜታምፌታሚን ባቆሙ ሰዎች ላይም ድብርቱ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ሲረግብ አምሮቱ ከዚያ ዘልቆ ይቆያል። ልዩነቱ የመጣው ምናልባት ከአካባቢው ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሀራራ የሚያስነሣ ጓደኛ፣ መንገድና ሱቅ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2006 ጫትን መርምሮ ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አላሳሰበም። ይህ ውሳኔ አንዳንድ ጊዜ «ጫት ሱስ የለውም» ለማለት ይጠቀሳል፤ ውሳኔው ግን እንዲህ አይልም። ጫት ማቆም እንደ አልኮል ሰውነትን አንቀጥቅጦ ለሞት የሚያሰጋ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ጊዜም ሆነ ቀስ በቀስ መተው ይቻላል። ቀላል መሆኑ ግን የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ኢጃ በና ሳይቅም መነሣት የተሳነው ሰው ዘንድ።

ከድባቴ ሕመም እንዴት ይለያል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መለየት አስቸጋሪ ነው። በጤና ተቋማት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ጠይቆ ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል። ከጥያቄዎቹ ሦስቱ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ምግብ ፍላጎት ናቸው። ጫት ባቆመ ሰው ላይ እነዚህ ሦስቱ መጀመሪያ ላይ መዛባታቸው አይቀርም። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የተገኘ ከፍተኛ ነጥብ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በአራተኛው ሳምንት ተደግሞ ያው ሆኖ ከተገኘ ግን ይናገራል። ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ላይ «አዎ» የሚል መልስ በየትኛውም ቀን በቁም ነገር ይወሰዳል።

ሌላው መለያ ታሪክ ነው። ጫት ከመጀመሩ በፊት ወይም ለወራት ባቆመበት ጊዜ ድባቴ ይዞት የሚያውቅ ሰው፣ ወይም በቤተሰቡ ሕመሙ ያለበት ሰው፣ መጀመሪያውኑ ጫትን እንደ መድኃኒት ሲጠቀምበት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ጫቱን ተው፣ ይለቅሃል» ማለት ግማሽ ምክር ነው። ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ ይከታተለኛል የሚል፣ ወይም ለቀናት ሳይተኛ በጣም ደስተኛና ፈጣን የሚሆን ሰውም ጉዳዩ ድብርት ብቻ ስላልሆነ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

መቋቋሚያው

የመጀመሪያው ሳምንት የእንቅልፍና የምግብ ሳምንት ነው። ለዓመታት ምሳ በልቶ የማያውቅ፣ ሌሊቱን ሲያነጋ የኖረ ሰውነት ዕዳውን ይጠይቃል። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መተኛት በዚህ ሳምንት ስንፍና አይደለም። ክብደት መጨመርም የሚጠበቅ ነው። ከተቻለ ይህን ሳምንት ከፈተና፣ ከትልቅ የሥራ ቀጠሮና ከረጅም መንገድ መኪና መንዳት ማራቅ ይመረጣል፤ ትኩረቱ ለጊዜው ይደክማልና። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ፈተናው ሲደርስ አቆማለሁ» ብለው አቁመው መጽሐፉ አልገባ ሲላቸው በዚያው ማታ ይመለሳሉ። ከፈተና በኋላ ባለው ዕረፍት ቢጀመር ይሻላል።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን በአልጋ መቆየቱ ራሱ ድብርቱን ይመግበዋል። በሥነ ልቦና ሕክምና ተፈትነው ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ በጣም ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ስሜት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሥራውን መጀመር። ደስ የማለቱ ነገር ከሥራው ኋላ እየጎተተ ይመጣል እንጂ ቀድሞ አይመጣም። ሥራው ትንሽ፣ ሰዓቱ የታወቀ መሆን አለበት። «ነገ ስፖርት እጀምራለሁ» አይሠራም፤ «ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቼ እስከ አደባባዩ ደርሼ እመለሳለሁ» ይሠራል። በተለይ የድሮው የበርጫ ሰዓት ባዶውን መተው የለበትም። ያ ሰዓት ከምሳ በኋላ እንደ ጥርስ ሕመም በሰዓቱ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሰው ካለበት ቦታ መዋል፣ ልብስ ማጠብ፣ የእህትን ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ቤተ መጻሕፍት መግባት፣ ምንም ይሁን ምን የተያዘ ነገር ሊኖር ይገባል። ሀራራ ማዕበል ነው፤ ካልተመገበ ይወጣል፣ ይወርዳል።

የአካል እንቅስቃሴ ጥቅም በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በሎስ አንጀለስ ሜታምፌታሚን በሚያቆሙ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሳምንት 3 ጊዜ ለ8 ሳምንታት የሠሩት ሰዎች ድብርትና ጭንቀታቸው የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጂም መክፈል ግዴታ አይደለም፤ ላብ የሚያወጣ የእግር መንገድ ይበቃል።

አልኮል የዚህ ጊዜ ትልቁ ወጥመድ ነው። ጨብሲ የለመደ ሰው ጫቱን ሲተው ቢራውን ወይም አረቄውን አይተውም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይጨምራል። አልኮል ለአንድ ማታ ያደነዝዛል፣ በማግስቱ ግን ድብርቱን አክብዶ ይመልሰዋል፣ ቁርጥ ሐሳብንም ያላላል። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን አልኮሉን በራሱ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ የለበትም፤ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው። ለእንቅልፍ ተብሎ ያለ ትእዛዝ የሚወሰድ ዲያዜፓምም ሌላ ሱስ ይሆናል። ቡና አልተከለከለም፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍን ይሻማል።

ጾም ለአንዳንዶች ጥሩ መነሻ ሆኗል። በረመዳን ቃሚዎች ሰዓቱን ወደ ሌሊት ያዛውሩታል እንጂ ብዙዎቹ አይተዉም፤ ሆኖም የቀኑ ልማድ ስለተሰበረ ከዒድ በኋላ ሳይመልሱት የቀሩ አሉ። በዐቢይ ጾም የሚያቆሙም እንዲሁ። አደጋው ፋሲካ ወይም ዒድ ሲደርስ «ተፈቷል» ብሎ መመለሱ ነው።

አንድ ቀን ተቅሞ ቢገኝስ? ያ ቀን ያለፉትን ሳምንታት አይሰርዝም። ይልቅ ጠቃሚው ጥያቄ ከመቃሙ በፊት በነበረው ሰዓት ምን ሆነ የሚለው ነው። ማን ደወለ? በየት በኩል አለፈ? ምሳ በልቶ ነበር? መልሱ ለቀጣዩ ሳምንት መንገድ ይጠቁማል። ትዳር መፍታት፣ ሥራ መልቀቅ፣ ትምህርት ማቋረጥ የመሳሰሉ ትልልቅ ውሳኔዎች ግን በእነዚህ ሳምንታት ባይወሰኑ ይመረጣል።

ሕክምና

የአነቃቂ ሱስን ለማከም በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ሙከራ ናልትሬክሶንና ቡፕሮፒዮን አብረው ሲሰጡ ሜታምፌታሚን በማቆም ረገድ 13.6 በመቶ፣ ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው ደግሞ 2.5 በመቶ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል፤ ጥቅም አለው፣ ግን ትንሽ ነው። እስካሁን ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሕክምና በንግግርና በልማድ ለውጥ ላይ የተመሠረተው ነው።

ድባቴ ራሱን ችሎ ከተገኘ ግን መድኃኒት አለው። ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን በኢትዮጵያ ሐኪሞች ከሚያዟቸው መካከል ናቸው። እንደ ራስ ምታት ክኒን በዚያው ቀን አይሠሩም፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ በተሻለ ጊዜ ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥም እንዲሁ። መድኃኒቱን እየወሰዱ መቃም ውጤቱን ያበላሻል፣ ልብና የደም ግፊትንም ሊያስቸግር ይችላል፤ ቅሞ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። አሁን በብዙ ሪፈራልና አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ከጅማ ወይም ከሐረር አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የግድ አይደለም። ጸበል የሚሄዱ ሰዎች ጸበሉንና ክኒኑን አብረው መከታተል ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲተው አያስገድድም።

ቤተሰብና ጓደኛ

«ጀዝባ» የሚለው ስድብ የተፈጠረው ለቃሚው ነበር። የሚገርመው ያቆመው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቃሚው ይልቅ ፈዞ መታየቱ ነው። እናት «ድሮ ሲቅም ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ይጫወታል» ብትል አይፈረድባትም፤ ይህን ቃል እሱ ፊት መናገር ግን ጉዳት አለው። «ጠንከር በል» ከማለት ይልቅ አብሮ መብላት፣ አብሮ መራመድ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ይዞ ማቆየት (እሱ ከፈቀደ) ይረዳል።

ሰውየው መኖር እንደታከተው የሚያሳይ ነገር ከተናገረ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳርፍ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተውም፣ በቤት ያለ ፀረ ተባይና ብዙ መድኃኒት ከአካባቢው ይነሣል፣ ወደ ሆስፒታልም አብሮት የሚሄድ ሰው ይኖራል።

በውጭ አገር

ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታንያ ደግሞ በ2014 ጫትን ከልክለዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ መያዙ ከባድ ወንጀል ነው፤ በአሜሪካም ካቲኖን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ብዙ ስደተኛ ጫትን የሚያቆመው አስቦበት ሳይሆን አውሮፕላን ስለተሳፈረ ነው። ድብርቱም ከናፍቆት፣ ከብርዱና ከሥራ ፍለጋ ጋር በአንድ ላይ ይመጣበትና ሁሉንም «አገሩ አልተስማማኝም» ብሎ ያልፈዋል።

ሐኪሙ «አደንዛዥ ዕፅ ትወስድ ነበር?» ሲል ብዙ ኢትዮጵያዊ «አይ» ይላል፤ ጫትን እንደ ዕፅ አይቆጥረውምና። ለስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደቃመና መቼ እንዳቆመ ሳይጠየቅ መናገር ሐኪሙን ከተሳሳተ ምርመራ ያድነዋል። በአሜሪካ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው «በአማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እዚያው አገር ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያስጨነቀው ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ይችላል።